አራቱ ዜሮዎች

የላቦራቶሪው ኮምፒውተር በዚያ ሳምንት ለሦስተኛ ጊዜ እኩለ ቀን ላይ ድርግም ሲል፣ ኃላፊዋ ያስጠራችው ታናሽ ወንድሟን ነበር። እሱም በዚያው ሆስፒታል የኮምፒውተር ጥገና ሠራተኛ ነው። የያዘውን ነገር ስለማይለቅ ባልደረቦቹ «ሙጭጬ» ይሉታል። አርባ ዓመት ቢያልፈውም፣ እሷ ስትናደድበት «አንተ ልጅ» ነው የምትለው።

ማሽኑ ላይ ሊኑክስ የተባለው ሲስተም ካልተጫነ ብሎ የተሟገተው እሱ ነበር። ነፃ ነው፣ ቫይረስ አይደፍረውም፣ ሆድ ዕቃው ሳይቀር ይታያል እያለ እህቱን አሳምኗት ነበር። ስለዚህ ማሽኑ በጠፋ ቁጥር የሁሉም ዓይን እሱ ላይ ያርፋል።

ሙጭጬ ጥፋቱን በሙቀት አሳበበ። በኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ፣ በማዘርቦርዱ ላይ፣ ሙቀትንና የማራገቢያን ፍጥነት የሚለኩ ጥቃቅን ሴንሰሮች አሉ። ቁጥራቸውን እያነበበ፣ ችግር ሲያይ የሚጮህ ፕሮግራም ቢጭንበት ጥፋተኛውን እጅ ከፍንጅ እንደሚይዘው እርግጠኛ ነበር። የግማሽ ቀን ሥራ ነው ብሎም ለእህቱ ቃል ገባ።

ግማሽ ቀኑ ሦስት ቀን ሆነ። ሴንሰር ፈላጊው ፕሮግራም ይህን ልፈትሽ፣ ያንን ልፈትሽ እያለ በጥያቄ አደረቀው። አዎ፣ አዎ ሲል ቆይቶ የተገኘው የኮምፒውተሩ አንጎል፣ የፕሮሰሰሩ፣ ሙቀት ብቻ ነበር። የቀሩትን ሴንሰሮች የያዘችውን ቺፕ ሲስተሙ ጭራሽ አያውቃትም። ኢንተርኔት ላይ እርዳታ ቢጠይቅ አንዱ መመሪያውን አንብብ አለው፤ ሌላው ደግሞ ያ መመሪያ ካረጀ ቆይቷል አለው። በማግስቱ አንድ የማያውቀው ሰው በትርፍ ጊዜው የጻፈውን፣ ያችን ቺፕ ከሲስተሙ ጋር የሚያግባባ ድራይቨር አገኘ። አልጫን አለው። እንደምንም ሲጫን ደግሞ ማሽኑ አልነሳም አለ። እህቱ በበሩ አንገቷን ብቅ እያደረገች አለቀ ወይ ትለዋለች፤ እሱም ሊያልቅ ነው ይላታል። ይህችን መልስ ከእሷ ይልቅ እሱ ራሱ ጠልቷታል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቁጥሮቹ መጡ፤ ባልመጡ ይሻል ነበር። ፕሮሰሰሩ አምሳ ሁለት ዲግሪ ላይ ነው፤ ደህና። ሌላው ሴንሰር ግን ሰው ሁሉ ላብ በላብ በሆነበት ክፍል ውስጥ ከዜሮ በታች አምሳ አምስት ይላል። ሣጥኑ ውስጥ ያሉት ማራገቢያዎች ሁለት ሆነው ሳሉ ድራይቨሩ አምስት ቆጠረ፤ አንዱ ይዞራል፣ አራቱ ዜሮ። ማስጠንቀቂያው በየደቂቃው መጮህ ሲጀምር የላቦራቶሪው ሠራተኞች ጆሯችን ደነቆረ ብለው ተነሱበት።

ሙጭጬ ጆሮውን ሣጥኑ ላይ ለጠፈ። የማራገቢያ ድምፅ ይሰማል። ከፍቶ ማየት ነበረበት፤ ነገር ግን ሣጥኑን ከጠባቡ መደርደሪያ ለማውጣት የላቦራቶሪውን ሥራ ማስቆም ሊኖርበት ነው፤ የእህቱን ፊት ደግሞ ሦስት ቀን ሙሉ አይቶት ጠግቧል። በረዶ የሚያወራ ድራይቨር ስለ ማራገቢያስ ምን እውነት ሊኖረው ብሎ፣ አራቱንም ዜሮዎች ችላ እንዲል የሚያዝ መስመር ጻፈበት። ጩኸቱ ቆመ።

እኩለ ቀን ላይ ማሽኑ ጠፋ፤ የጠዋቱንም ውጤት ይዞ ሄደ። አብዛኛው ናሙና ስላለ እንደገና ሊመረመር ይችላል። የአንድ ሕፃን ደም ግን ከመነሻው ጠብታ ስለነበር አልቋል።

ሙጭጬ ሣጥኑን ጎትቶ አወጣና ከፈተው። የኋላው ማራገቢያ አቧራ ጠጥቶ፣ አንድ ሽቦ ክንፉ መሃል ገብቶበት ደርቆ ቆሟል። የሚሰማው ድምፅ የሌላኛው ነበር።

«ያ ስትለፋበት የሰነበትከው ነገር ይህን አያሳይም?» አለች እህቱ ከኋላው።

«አሳይቷል፣ እታለም። ውሸት ነው ብዬ አፉን የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

እህቱ አልጮኸችበትም። ብትጮህበት ይቀለው ነበር። የሕፃኑ እናት ኮሪደር ላይ እንዳለች ነግራው፣ ይህንኑ ሄዶ ራሱ እንዲያስረዳት አዘዘችው።

እናትየው ልጇን ደረቷ ላይ አስተኝታ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሙጭጬ ስለ ሴንሰር ሊያብራራ ጀመረና ተወው።

«እህቴ፣ የልጅሽ ውጤት ጠፍቷል። ጥፋቱ የእኔ ነው። ደሙ እንደገና መቀዳት አለበት።»

ሴትየዋ የሕፃኑን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰበችለት።

«ከየትኛው እጁ?» አለችው። «ግራው አብጧል፤ በቀኙ ደግሞ ደም ሥሩን ሁለቴ ስተውታል።»

ሙጭጬ አብሯቸው ወደ መቅጃው ክፍል ገባ። ደም ቀጂዋ እስክትጨርስ የሕፃኑን እግር ይዞ ቆየ፤ ለቅሶው ሲያልቅ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። እናትየው ይቅርም አላለችው፣ ስድብም አልሰነዘረችበት። ውጤቱ ከሰዓት በኋላ ደህና ሆኖ ሲወጣ እህቱ ራሷ ይዛላት ሄደች።

ሙጭጬ ከተጣለ ኮምፒውተር ላይ ማራገቢያ ፈትቶ ተካ። ከአራቱ ዜሮዎች አንዱ በደቂቃ አንድ ሺህ አንድ መቶ ዙር ሆነ፤ ማሽኑም በማግስቱ እኩለ ቀንን ተሻገረ። ስለ በረዶው ሴንሰር ለድራይቨሩ ጸሐፊ ደብዳቤ ላከ፤ የመለሰለት የለም። ሳምንት ሳይሞላ ሲስተሙ ሲታደስ ድራይቨሩ እልም ብሎ ጠፋና ቁጥሮቹ ሁሉ ባዶ ሆኑ። ሙጭጬ በሩን ዘጋ፣ ቺፗንም፣ ድራይቨሩንም፣ ራሱንም አንድ በአንድ ሰደበ። ሰድቦ ሲጨርስ ወንበሩን ሳበና ከመጀመሪያው ጀመረ።