ቱርቦና ባለብዙ ዓይኑ ጭራቅ

ባልደረቦቹ «ቱርቦ» የሚሉት የጭነት መኪና ሾፌር፣ እግሩ ተሰብሮ ታላቅ እህቱ ቤት ከተኛ ወዲህ ሥራው አንድ ብቻ ሆነ፤ ካሮጌው ኮምፒውተር ጋር መጣላት። የሚጫወተው የድሮ የተኩስ ጨዋታ ነው። ትንሽ መርከብ እየነዳህ ጠላት ትጥላለህ፣ ነጥብ ታጠራቅማለህ፣ በነጥቡ ጋሻህን፣ ፍጥነትህን፣ መሣሪያህን ታሳድጋለህ። ከሞትክ ግን ያሳደግከው ሁሉ ድራሹ ይጠፋል። ለአፍታ ቆም ማድረጊያ ቁልፍ እንኳ የለውም።

«ምን ዓይነት ጨካኝ ነው ይህን የሠራው!» እያለ ጠረጴዛውን ይደበድባል።

እህቱ ልብስ ሰፊ ናት። እዚያው ክፍል ውስጥ ስፌቷ ላይ እንዳቀረቀረች፣ «አንተ ልጅ፣ ደንበኛ አባረርክብኝ እኮ! ሰው ሊለካ መጥቶ ስድብ ጠግቦ ይሄዳል» ትለዋለች።

ንዴቱ የጨዋታው ብቻ እንዳልሆነ ግን ታውቃለች። የመኪናው ፍሬን አየር እንደሚያፈስ ለጋራዡ ኃላፊ ደጋግሞ ነግሮት ነበር። «ሥራ ስትጠላ ምክንያት ታበዛለህ» አለው ኃላፊው። ፍሬኑ ከዳውና ከግንብ ጋር ተላተመ። ድርጅቱም ጥፋተኛው ሾፌሩ ነው ብሎ አሰናበተው። መኪናውን ግንባሩን አቃንተው፣ ቀለም ቀብተው ለሌላ ሰው ሰጡት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቱርቦ የመጨረሻው ምሽግ ደረሰ። እዚያ ደርሶ አያውቅም። ምሽጉን የሚጠብቀው ባለብዙ ዓይን ጭራቅ አንድ ዓይን ብቻ ሲቀረው ስልኩ ጮኸ።

«እትዬ፣ እንዳታነሺው!»

አነሳችው፤ ድምፁንም ክፍሉ ሁሉ እንዲሰማው ለቀቀችው።

«ጋሼ፣ መኪናህን የተረከብኩት ሾፌር ነኝ። ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ቆሜያለሁ። የፍሬኑ አየር መለኪያ ጌጅ ወረደብኝ። የጋራዡ ኃላፊ ምንም አትሆንም፣ ውረድ ይለኛል።»

ቱርቦ እጁን ከቁልፎቹ ላይ አነሳ።

«እንዳትወርድ! ሰማህ? ሞተሩን አጥፋና ማርሽ አስገባ! ጎማው ስር ድንጋይ ወትፍ! ያ ሰውዬ መውረድ ካማረው ራሱ መጥቶ ይውረድ!»

መርከቡ ስክሪኑ ላይ ነደደ። ዞር ብሎም አላየው።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ፣ «ወትፌያለሁ ጋሼ፣ ቆማለች» አለ ሾፌሩ። ትንፋሹ ይቆራረጣል።

«ነግሬው ነበር! እግሬ ሳይሰበር ነግሬው ነበር!» አለ ቱርቦ። «ጌጁንም፣ የሚያፈሰውን ቧንቧም ቅረጽና ላክልኝ።»

«እልካለሁ። የትም ቦታ ቆሜ እመሰክርልሃለሁ።»

እህቱ መቀሷን አስቀምጣ ክራንቹን አቀበለችው።

«ተነስ።»

«የት ልሄድ?»

«ድርጅቱ ነዋ! እዚህ ከጭራቅ ጋር ስትጮህ ከረምክ፤ እስቲ ደግሞ እዚያ ጩህ።»

ጮኸ። የጋራዡ ኃላፊ ጥበቃ ጠርቶ ሊያስወጣው ሲሞክር ሥራ አስኪያጇ ከቢሮዋ ወጣች። የተላከውን ቪዲዮ እስከ መጨረሻው አየች። ደግማ አየችው። ከዚያ ኃላፊውን ከሥራ አግዳ፣ ለቱርቦ ስንብቱን እንደምትሽር፣ የሕክምና ወጪውንም ድርጅቱ እንደሚሸፍን ነገረችው።

አብራው የመጣችው እህቱ እፎይ ብላ ክንዱን ያዘችው። «በል እንሂድ።»

«ይቅርታስ?» አለ ቱርቦ ሥራ አስኪያጇን፣ ዓይኑን ከኃላፊው ላይ ሳይነቅል። «ሰነፍ ነው ብላችሁ ስሜን አጥፍታችኋል እኮ፣ አንቺም እሱም!»

«ሳትጠይቁኝ ንቅንቅ አልልም!» ብሎ ወንበር ስቦ በጄሶ የታሸገ እግሩን ዘረጋና ተቀመጠ።