ቀስ ብሎ የሚበርድ ብርጭቆ

በብርጭቆ ትምህርት ክፍል የመስኮት ደፍ ላይ የተማሪዎች ሥራ ተደርድሮ ይቀመጣል። እያንዳንዱ ተማሪ ከእቶን ቀድቶ ቅርጽ ውስጥ ያፈሰሰው፣ ቡጢ የሚያህል ጥርት ያለ ብርጭቆ ነው። ብርጭቆ ተቸኩሎ ከበረደ ውጥረቱን ውስጡ ይዞ ይቀራል፤ ላዩን ሲያዩት ግን ሰላም ነው። ከዚያ ሳምንት ይሁን ወር ቆይቶ፣ ማንም ሳይነካው፣ ጣ! ይላል። ያን ጊዜ ትምህርቱ ይቋረጣል፣ ክፍሉ በሙሉ ወደ መስኮቱ ይዞራል፣ ባለቤቱም በማግስቱ ለሁሉም ዶናት ይገዛል። ሕጉን ማን እንዳወጣው የሚያውቅ የለም፤ ተላልፎት ያመለጠም የለም።

ማርላ ኪትሪጅ ያፈሰሰችው ሁለት ነበር። አንዱ ደፉ ላይ ተቀምጧል። ሌላውን ለታላቅ እህቷ ለጆስሊን ሰጥታዋለች።

እናታቸው ከሞተች ወዲህ እህትማማቾቹ ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልነበራቸውም። እናታቸውን ያስታመመችው ጆስሊን ናት፤ ጠዋትና ማታ የተማሪዎች አውቶቡስ እየነዳች፣ በመሀል እያጠበች፣ እያጎረሰች። ማርላ ለቀብሩ መጥታ፣ ሰው ቡናውን ሳይጨርስ፣ ፈተና አለብኝ ብላ ተመለሰች። ጆስሊን ምንም አላለችም። ይኸው ምንም አለማለቷ ሁለት ክረምት አለፈው። ታዲያ በየካቲት፣ «ልደቴ ነው፣ ኬክ አለ፤ ከፈለግሽ ነይ» የሚል መልእክት ሲመጣ ማርላ በደስታ የምትይዘው የምትጨብጠው አጣች። ባዶ እጄን አልሄድም ብላ ብርጭቆዎቹ የተኙበትን ማብረጃ ምድጃ ከጊዜው በፊት ከፈተችው። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል፤ እሷ ግን መፍሰሱንም አላወቀችም። ጆስሊን ስጦታውን በሁለት እጇ ይዛ ረጅም ጊዜ አየችው፤ ከዚያ አቀፈቻት። ያ እቅፍ ማርላን አንድ ወር ሙሉ ሲያሞቃት ከረመ።

መጋቢት ላይ ነው መምህር ዊትኮም አዲሱን መሣሪያ ያሳዩአቸው። ሁለት ጥቁር ማጣሪያዎች ፊት ለፊት ተተክለው ከኋላቸው መብራት ይበራል። ቀስ ብሎ በርዶ ያረፈ ብርጭቆ በመካከላቸው ሲያስገቡ ጨለማ ነው። ያላረፈ ሲሆን ግን ውጥረቱ ቀለም ሆኖ ይታያል። የብዙዎቹ ጨለማ ሆነ። የማርላ ሲገባ ክፍሉ አፏጨ፤ ቀዩ ከአረንጓዴው፣ ሐምራዊው ከወርቁ ተጠላልፎ፣ በውሃ ላይ የፈሰሰ ናፍጣ ይመስል ነበር።

«እጅግ ውብ ነው» አሉ ዊትኮም፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው። «የማን ነው? በሉ ከፊታችሁ አርቁት።»

ማርላ ወስዳ ደፉ ላይ መለሰችው። ወንበሯ ጋ ሳትደርስ፣ ጣ! አለ።

«ዶናት! ዶናት!» ክፍሉ ጠረጴዛ ደበደበ።

«ለእኔ ቸኮሌት ያለበት ይሁንልኝ፣ ማርሊ!» አለ ዴቭሊን የሚባለው ጓደኛዋ።

እሷ ግን አልሳቀችም። ሁለቱ ብርጭቆዎች ከአንድ እቶን የተቀዱ፣ አንድ ምድጃ ውስጥ የተኙ፣ በአንድ ችኮላ የወጡ ናቸው። ሁለተኛው አሁን ጆስሊን ራስጌ፣ ከትራሷ አጠገብ ነው። «ሌሊት ስነቃ ጨረቃዋ ውስጡ ትገባለች» ብላ ፎቶ ልካላት ነበር። መንገር ግዴታ ነው፤ መንገር ማለት ደግሞ በስንት መከራ የተገኘውን ስጦታ መልሺልኝ ማለት ነው። ማርላ ፈራች። ከብርጭቆው መሰበር ይልቅ ያ እቅፍ እንዳይሰበር ነበር የፈራችው።

ዓርብ ከሰዓት አውቶቡስ ተሳፈረች። ኮረብቶቹ በበረዶና በጉም መካከል ተንሳፍፈው ያልፋሉ፤ ከሜፕል ዛፍ የሚቀዳውን ጣፋጭ ሽሮፕ ከሚያፈሉባቸው ጎጆዎች ነጭ እንፋሎት ይወጣል፤ መሬቱ የት አልቆ ሰማዩ የት እንደሚጀምር አይለይም። ተኝታም ነቅታም አልነበረችም። በዚያ ንጣት ውስጥ ጆስሊን አሁንም የምትኖርበት የእናቷ ቤት ብቻውን ብቅ ሲል ሕልም መሰላት።

«ምነው? ሳትደውዪ?» አለች ጆስሊን በሩን ከፍታ። የሥራ ጃኬቷን ገና አላወለቀችም።

«ብርጭቆውን ልወስደው ነው የመጣሁት።»

«ሰጥቶ መንሳት! አመልሽ ነው። አሻንጉሊትሽንም እንዲሁ ነበር የምታደርጊው።» እየቀለደች ነበር፤ የማርላን ፊት ስታይ ቀልዱን ተወችው። «የምርሽን ነው እንዴ?»

ማርላ ብርጭቆውን ከመኝታ ቤት በፎጣ ጠቅልላ አመጣች፤ ኮምፒውተሯን ከፍታ ባዶ ነጭ ገጽ ፊት ለፊት ያዘችው፤ የኮምፒውተሩ ገጽና የጆስሊን የመንጃ መነጽር እንደ ትምህርት ክፍሉ ሁለት ማጣሪያዎች ይሠራሉ። «መነጽርሽን አድርጊ። ያንን ስትነጂ የበረዶ ነጸብራቅ የሚከለክልልሽን።»

«ቤት ውስጥ?»

«አድርጊው። አሁን አንገትሽን ዘንበል አድርጊ፤ ገጹ እስኪጨልም።»

ጆስሊን አንገቷን ዘንበል አደረገች። ገጹ ሲጨልም ብርጭቆው ውስጥ ቀለማቱ በሩ።

«ይሄ ሁሉ ውስጡ ነበር?»

«ነበር።»

«ያምራል እኮ፣ ማርሊ። ለምን ትወስጂብኛለሽ?»

«ይፈነዳል፣ ጆስ። አንድ ቀን፣ ትራስሽ ላይ። መንትያው ፈንድቷል። ቸኩዬ ነው ያወጣሁት፤ ወደ አንቺ ለመምጣት ቸኩዬ።»

«ይድናል?»

«መልሶ ማሞቅና ቀስ ብሎ ማብረድ ነው። ሲሞቅ ሊሰበርም ይችላል። ካልተሰበረ ይድናል።»

ጆስሊን መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸች። «እንግዲያው እኔም እመጣለሁ» አለች። «አንቺን አምኜ ብቻሽን አልሰድሽም፤ ደግመሽ ትቸኩያለሽ።»

ቅዳሜ ጠዋት በጆስሊን መኪና ሄዱ፤ ብርጭቆው በፎጣው እንደተጠቀለለ ማርላ ጭን ላይ ነበር። ዊትኮም ፈቅደውላቸው ምድጃው ውስጥ አስተኙት። ከዚያ በኋላ መጠበቅ ብቻ ነው። ምድጃው ዝቅ ባለ ድምፅ ያንጎራጉራል፤ ውጭ በረዶው ያለ ነፋስ ይወርዳል፤ የክፍሉ ብርሃን ወተት ወተት ይላል። ወይን የተሞላ ጣፋጭ ፓይ በሉ፣ ካርታ ተጫወቱ። ማርላ ጣ የሚል ድምፅ በመጣ ቁጥር ትደነግጣለች፤ የማሞቂያው ቧንቧ ነው። ማታ የማርላ ክፍል ሄደው በአንድ አልጋ ተኙ፤ ጠዋት ተመልሰው ተቀመጡ። ጆስሊን ስልኳን አንዴም አላየችም። ማርላ ምድጃው እንደ ልብ እስኪቀዘቅዝ እጇን አልዘረጋችም።

እሑድ ከሰዓት ከፈተችው። ብርጭቆው ሙሉ ነበር። በማጣሪያዎቹ መካከል ሲያስገቡት ጨለማ ሆነ፤ አንድ ቀለም አልቀረም።

«ሁሉም ጠፋ?» አለች ጆስሊን።

«ጠፋ። አሁን የፈለግሽበት ቦታ አስቀምጪው።»

ጆስሊን ተቀብላ ጭኗ ላይ አደረገችው። ገና ለብ ይላል። ስትናገር ወደ እሱ እያየች ነበር።

«በመጨረሻ ቀኗ እማ ጠራችሽ። ‹ማርሊ፣ ማርሊ› ትላለች። ማየት አቁማ ነበር። ሲያቅተኝ እጇን ያዝኩና ‹አቤት እማ፣ መጣሁ› አልኳት።»

«እኔን ሆነሽ?»

«አንቺን ሆኜ። ፊቷ በራ። ‹ጆስሊን ደክሟታል፣ አደራ አግዣት› አለችኝ።» ብርጭቆውን ጭኗ ላይ አዞረችው። «አደራው ያንቺ ነው። ሁለት ዓመት በሆዴ ይዤብሽ ቆየሁ። ተናድጄብሽ ነው። በራሴ ስም አንድ ቃል ሳልሰናበታት በመሄዷም ተናድጄ ነው፤ በማን እንደሆነ አላውቅም።»

ማርላ ይቅርታ ልትል አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ትንሽ ሆነባት። ወንበሯን ስባ ጉልበቷ የእህቷን ጉልበት እስኪነካ ተጠጋች።

«ደክሞሻል፣ ጆስ?»

ጆስሊን ለመሳቅ ሞከረች። ይህንን ከዚህ በፊት የጠየቃት ሰው አልነበረም። «በጣም» አለች፤ ከዚያ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች። ማርላ ብርጭቆው ከጭኗ እንዳይወድቅ በአንድ እጇ ደግፋ በሌላው አቀፈቻት፤ እስኪወጣላትም ያዘቻት።

ሲመሻሽ በረዶው አባራ። መኪናው ጋ ሲደርሱ ማርላ ቁልፉን ከእህቷ እጅ ወሰደች።

«ነገ ክፍል የለሽም እንዴ?»

«አለኝ። ግቢ፣ ቀበቶሽን እሰሪ።»

የሰውን ልጅ ሁሉ በየቤቱ የምታደርሰው ጆስሊን፣ ገና ከከተማው ሳይወጡ እንቅልፍ ወሰዳት።