ከረሜላው እስኪያልቅ

ማርሊስ ቶለፍሰን የጻፈችውን ታሪክ ለወንድሟ ለላይል ስታነብለት፣ ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ያውም የሚያንኮራፋ እንቅልፍ! እሷ ደግሞ «አልማዝ የመሰለው በረዶ በወርቃማዋ ፀሐይ ሲያብረቀርቅ» የምትለዋን ለመጻፍ ስንት ቀን ተጨንቃባታለች። በወረቀቱ አናቱን ልትለው ምንም አልቀራት። ምን ይደረግ፣ ታላቅ ወንድም ነው፤ ብርድ ልብሱን ወደ ትከሻው ስባለት ተወችው።

ላይል በጸደይ ቤቱን ዘግቶ አሪዞና ልጁ ዘንድ ሊገባ ነው። ከሚኖሩባት የአሜሪካ ግዛት ከሚኒሶታ ሳይወጣ በፊት ማርሊስ አንድ ነገር ልታስይዘው ፈልጋለች። አባታቸው በየክረምቱ በረዶ የሆነው ሐይቅ ላይ ያቆማት የነበረችውን፣ በወለሏ ቀዳዳ ዓሣ የሚያጠምዱባትን ጠባብ የእንጨት ጎጆ። ጎጆዋ ፈርሳለች፣ ፎቶ የላትም፣ አባትየውም ካረፈ ዘመን አልፏል። አሁን ያለችው በሁለቱ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው። ላይል ደግሞ የአባቱ ነገር ከተነሳ ወሬውን ወደ መኪና ጎማ የሚያዞር ሰው ነው። ማርሊስ አንድ ቀን ስለ አባባ አፉን ከፍቶ ሲያወራ ልትሰማው ትፈልጋለች፤ ካልሆነም ሳይተኛ ሲሰማት።

ማክሰኞ ጠዋት ታሪኳን ይዛ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ የጓሮ ክፍል ሄደች። እዚያ የሚሰበሰቡት ጸሐፊዎች አንድ ደንብ አላቸው። የጻፍከውን አንተ አታነብም፣ ሌላ ሰው ያነብልሃል። አንተ ከሳህኑ ላይ አንድ ከረሜላ አንስተህ ትጎርሳለህ፣ እሱ ሟሙቶ እስኪያልቅ ትንፍሽ የለም። ማኘክማ ነውር ነው። ደንቡን ያወጣው ኦሪን የሚባል ጡረታ የወጣ መሬት ቀያሽ ነው፤ ሰው ሁሉ «እንዲህ ለማለት ፈልጌ እኮ ነው» እያለ ሲሟገት አንጀቱ አሮ። አንባቢው ቤት ድረስ ሄዳችሁ ልታስረዱት ነው ወይ፣ ይላቸዋል።

የማርሊስን ታሪክ ያነበበውም እሱ ራሱ ነበር። ወይ መዓት! በእሷ አፍ ዜማ የነበረው ሁሉ በእሱ አፍ ደረቀ። አልማዝ፣ ወርቅ፣ ዕንቁ፤ አንድ ገጽ ሳያልቅ የጌጣጌጥ ሱቅ ተከፈተ። ሲጨርስ አንዲት ሴትዮ በትሕትና «ለየት ያለ ነው» አለች። በዚያ አገር «ለየት ያለ ነው» የተባለ ምግብ ሁለተኛ ጉርሻ የለውም። ማርሊስ ከረሜላዋን ከጉንጭ ጉንጭ እያገላበጠች ጆሮዋ ድረስ ጋለች።

ኦሪን መነጽሩን አወለቀ። «በረዶውን አይቼዋለሁ። በረዶ ደግሞ ደጄም ሞልቷል፣ ሲዝቁት ማርፈድ ነው። አባትሽን ግን አላየሁትም። ‘ደግ ሰው ነበር’ ብለሻል። ደግነቱን እኔው ልድረስበት እንጂ! እጁ ምን ይሠራ ነበር?»

ልትመልስለት ነበር፣ አፏ ተይዟል። መናገር ስላልቻለች ማሰብ ጀመረች። እጁማ ብርቱካን ይልጥ ነበር። ጓንቱን በጥርሱ ስቦ ያወልቅና፣ ቀስ ብሎ ልጦ፣ ልጣጩን ትንሿ ምድጃ ላይ ይደረድረዋል። የዓሣውን ሽታ እንዲያጠፋልን ነው ይላቸው ነበር። ይህን ሁሉ ትታ ፀሐይ ስታሽሞነሙን መክረሟ ገረማት፤ በራሷ ስትስቅ ከረሜላው ሊያንቃት።

ቤቷ ገብታ አልማዙን ሰረዘችው፣ ወርቁንም። «ውብ» የምትለዋ ቃል አሳዘነቻትና አሳደረቻት፣ በማግስቱ እሷም ሄደች። «አባባ በጣም ይወደን ነበር» የሚለው ጋ ስትደርስ ግን እጇ እምቢ አለ፤ እውነት ነዋ! ኋላ ላይ ጨክና ሰረዘችው። በምትኩ አባትየው ብርቱካኑን ለሁለት ከፍሎ፣ ትልቁን ለእሷ፣ ትንሹን ለላይል ሲሰጥ ጻፈች። ለራሱ ምን እንዳስቀረ ትዝ ስላላላት አልጻፈችም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ጸሐፊዎቹ እንግዳ የሚጋብዙበት ቀን ደረሰ። ላይልን ምሳ አለ ብላ አታልላ አመጣችው። ኦሪን ማንበብ ሲጀምር ማርሊስ ከረሜላዋን ጎርሳ የወንድሟን ዓይን ዓይኑን ታይ ጀመር። ላይል እጁን አጣምሮ ወንበሩ ላይ ተመቻቸ። ዓይኑን ከደነ። አለቀ በቃ፣ አለች በሆዷ።

ኦሪን ምድጃው ላይ ስለተደረደረው ልጣጭ ሲያነብ፣ ላይል ዓይኑን ሳይገልጥ «ለሽታ አልነበረም» አለ።

ሰው ሁሉ ዞረ። ኦሪን በንባብ መሃል የሚገባን ሰው አይምርም፤ አሁን ግን ወረቀቱን ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

«ልጣጩን ነው የምለው» አለ ላይል፣ አሁን ወለሉን እያየ። «አንቺ ወደ ቀዳዳው አጎንብሰሽ ዓሣሽን ስትጠብቂ፣ እሱ ዞር ብሎ ይበላው ነበር። ብርቱካኗ አንዲት ነበረች። አንድ ቀን አየሁት። ለእህትህ እንዳትነግራት፣ ድርሻዋን ትመልስልኛለች አለኝ።»

የማርሊስ ዓይን በእንባ ሞላ። ይኸው እስከዚህ ዕድሜዋ ለሽታ ይመስላት ነበር። ልትጠይቀው የፈለገችው ብዙ ነው፣ ከረሜላውን ተፍታ መጠየቅ ትችል ነበር፤ አልተፋችውም። ላይልም ቀጠለ። ስለዚያ ጓንት፣ አባባ ዓሣው እንዳይሸሽ በሹክሹክታ ስለሚያዜመው ዘፈን፣ ከእሷ ጽሑፍ ውስጥ ስለሌለው ሁሉ። አወራ፣ አወራ፣ ምሳውም ተረሳ።

ከረሜላው ምላሷ ላይ ሳሳ፣ ሳሳ፣ አለቀ። አሁን መናገር ይፈቀድላታል። ማርሊስ እጇን ቀስ አድርጋ ወደ ሳህኑ ሰደደችና ሁለተኛ ከረሜላ ጎረሰች።