የዘይና መሬት የእንግሊዝኛ ስም

በከሚሴ እንግሊዝኛ አዋቂ ቢቆጠር አንደኛው እኔ ነኝ፤ ሁለተኛውም እኔ ነኝ፤ ሦስተኛውን ያስተማርሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ በ1998 ዓ.ም. አንድ የውጭ አገር ባለሙያ ባሕር ዛፍ የሚተከልበት ጠፍ መሬት ሊመዘግብ ወደ ጨፋ ሲወርድ፣ አስተርጓሚ ፍለጋ ብዙ አልደከመም።

እኩለ ቀን ላይ አንድ ማሳ ዳር ቆምን። መሬቱ ተሰነጣጥቋል፤ አንድ አገዳ እንኳ የለበትም። ባለሙያው ይህ ምን ዓይነት መሬት ነው ብሎ ጠየቀኝ። ባለቤቷን ዘይናን መጠየቅ ነበረብኝ፤ ግን የተጠየቅሁት እኔ ነኝ፣ እንዴት ዝም ልበል? «ባረን» አልሁት። ሲጠሩት አፍ የሚሞላ ቃል ነው። ጻፈው።

በሳምንቱ ጨፋ ሮቢት ገበያ ላይ ዘይና መንገዴን ዘጋች።

«አከም ጂርታ፣ መምህር?»

«አልሐምዱሊላህ፣ እታለም። አንቺስ?»

«እኔማ ምን ደህንነት አለኝ! የቀበሌው ሊቀመንበር ጀይላን የጠፍ መሬቱን ዝርዝር ለጥፎታል። ሐሙስ ማሳዬን ለባሕር ዛፍ ሊሰጡት ነው። ምን ብለህ ነው ያስጻፍህብኝ?»

ማስረዳት አይደክመኝም። «ባረን ማለት፣ እታለም፣ ፍሬ የማይሰጥ ማለት ነው። ለመሬት ይባላል። ጥጃ ለማትወልድ ላም ይባላል። ደግሞም ለ...» አፌን ያዝሁ። ዘይና ልጅ የላትም።

«ለሴትም ይባላል በላ፤ ምን ያስፈራሃል? ለእኔ ሲባል ሠላሳ ዓመት ሰምቼ ችያለሁ። መሬቱ ግን ምን በደለ? ሁለት ዓመት ያሳረፍሁት የዘላን ከብት እያሳደርሁበት ነው። ፍጉን እስኪጠግብ። የከርሞው ማሽላ ባለ ፈረስ ይሸሽግ ነበር! አንተ እንደ መሲና ላም ለቢላ ሰጠኸው።»

ቤቴ ገብቼ የበግ ጠቦት የሚከብደውን መዝገበ ቃላቴን ገለጥሁ። ባረን ከድሮ ፈረንሳይኛ የመጣ ነው ይላል፤ ከዚያ በፊት ከየት እንደመጣ ግን ባለቤቶቹም በእርግጥ አያውቁም። እንግዲህ የትውልድ አገሩ የማይታወቅ ቃል ነው በሰው ላይ የምንለጥፈው። ላረፈ መሬት ያላቸው ቃል ሌላ ነው፤ ፋሎው ይሉታል። እሱ በጥንት ዘመኑ የታረሰ መሬት ስም ነበር። ያረፈውን የጠሩት በሠራው ሥራ ነው ማለት ነው። እኛም ጦም ያደረ መሬት እንላለን፤ በረመዳን የሚጦመውን ሰው ግን መብላት የማይችል ነው ያለው ማን ነው?

ሐሙስ ቀበሌው ተሰበሰበ። እውነቱን ልናገር፦ ባለሙያው በትክክል አልሰማኝም ልል ቆርጬ ነበር የሄድሁት። እሱ አዲስ አበባ ገብቷል፤ ማን ይፈትሸኛል? ዘይና ግን ከፊት ተቀምጣ አፌን አፌን ታየኛለች። የመሬቱ ስም ሲጠራ ተነሣሁ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልሁ።

«ያ ሁሉ እንግሊዝኛ የት ሄደ?» አለ በድሩ የሚባለው፣ ማሳውን ሊረከብ የመጣው የባሕር ዛፍ ማኅበር ሰው። ሰዉ ሳቀ።

ጀይላን ወረቀት ገፋልኝ። «ጻፍና ፈርም፣ መምህር። ወረዳ ወሬ አይቀበልም።»

ጻፍሁ። አነበብሁትም፣ ዝግ ባለ ድምፅ፦ «እኔ መምህር ሙህዲን፣ ባለቤቷን ሳልጠይቅ በማላውቀው ነገር ስለመሰከርሁ፣ የወይዘሮ ዘይና ማሳ ያረፈ እንጂ የማያፈራ አለመሆኑን አረጋግጣለሁ።»

ጀይላን ማሳውን ከዝርዝሩ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘው። ልቀመጥ ስል ዘይና፣

«ድገመው፤ ከኋላ ያሉት አልሰሙም» አለች።

ዞር ብዬ አየሁ። ከኋላ ያሉት አምስት ሰዎች ናቸው። እኔ ግን ለአምስት ሺህ ሰው የሚበቃ ድምፅ አወጣሁ።