የምራት ዝምታ

ነህምያ የቲያትር ትምህርቱን ጨርሶ ሆሳዕና ከተማ ሲገባ የቋመጠለት አንድ ነገር ነበር፤ የራሱን የቲያትር ቡድን ማቋቋም። እንደ ምንም አምስት ስድስት ሰው ሰበሰበ። የከተማው አዳራሽ ኃላፊ ግን ቁርጡን ነገረው፤ የመጀመሪያው ተውኔት ካማረ በየወሩ ታሳያላችሁ፣ ካላማረ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ዋናዋን ገጸ ባሕርይ፣ ምራቲቱን፣ የምትጫወተው አስናቀች ነበረች። እሷ ከተማው ውስጥ ታስተምራለች፣ ባሏ ከከተማው ዳር ያለው የሌሞ ገጠር ልጅ ነው። ገና ልምምድ ሲጀመር፣ "ነህሚ፣ የሽማግሌውን ስም ቀይርልኝ" ብላ ለመነችው። የተውኔቱ ሽማግሌ ላምቤቦ ይባላል፤ የሟቹ አማቷ፣ የባሏ አባት ስምም ይኸው ነው። በአገሩ ልማድ ምራት የባሏን አባት ስም በአፏ እንደማትጠራ ነህምያ ጠፍቶት አይደለም፤ እናቱም አያቱን በስም ጠርታ አታውቅም። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ተምሮ መጥቷላ! "ተዋናይ ራሱን በር ላይ ትቶ ነው የሚገባው" አላት። በልምምዱ ሁሉ "አባባ" እያለች አለፈችው። ለዕለቱ ስሙን እጠራዋለሁ ስትለው አመናት።

በዕለቱ አዳራሹ ጢም አለ። ሽማግሌው ሞቶ፣ ምራቱ ስሙን እየጠራች የምታለቅስበት ቦታ ተደረሰ። አስናቀች አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። አንዱ ከኋላ "ረሳችው" ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ አዳራሹን አዳረሰ። ቡድኑ በዚያው ተበተነ።

በማግስቱ ነህምያ ደሙ እንደፈላ ትምህርት ቤቷ ድረስ ሄደ።

"ምን ነካሽ? ሁላችንንም ገደልሽን እኮ።"

አስናቀች ቀስ ብላ ተናገረች። "ሳገባ ትምህርቴን አቋርጬ ነበር። ዘመድ ሁሉ ይበቃታል ሲል አማቴ ናቸው በጋሪ ከተማ ያመላለሱኝ። መንገዱን ሙሉ አንነጋገርም። ስመረቅ ብቻ 'አላሳፈርሽኝም' አሉኝ። ሲቀበሩ ሰው ሁሉ ስማቸውን እየጠራ አለቀሰ፣ እኔ ደርቄ ቀረሁ። ትናንት ስማቸው ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር።"

ነህምያ ንዴቱ ጠፍቶ እፍረት ያዘው። የአዳራሹ ሰው ያየው ቃል የጠፋባትን ሴት ብቻ ነው። መድረክ የማያሳየውን፣ ውስጧ የነበረውን ለማሳየት ልቦለድ መጻፍ እንዳለበት ገባው።

መጀመሪያ የጻፈውን ቀደደው፤ ቲያትር የለመደ እጁ ገጸ ባሕርያቱን ሁሉ ያስለፈልፋል። ሰዎቹን ዝም ማሰኘት ሲለምድ ነው ማን እንደሆኑ ማወቅ የጀመረው። ሥራው ከዓመት በላይ ፈጀ። ሲጨርስ ወስዶ ለአስናቀች ሰጣት፤ ሕይወቷ ነውና እምቢ ካለች ሊተወው ቆርጧል። እስክትመልስለት ድረስ እንቅልፍ አልነበረውም።

መጣች። ዓይኗ ቀልቷል።

"ሽማግሌውን ለምን ስም ነሳሃቸው?"

"አንቺን እንዳላስቀይም ብዬ።"

"እኔ አልጠራቸውም። አንተ ግን ጻፈው፤ ያነበበ ሁሉ ይጥራልኝ።"

ነህምያ እስክሪብቶውን አወጣና ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ላምቤቦ፣ ላምቤቦ እያለ ጻፈ። አስናቀች አጠገቡ ቁጭ ብላ፣ በቀብሩ ዕለት ያላለቀሰችውን አለቀሰች።