ከመንገዱ ማዶ የተነፋ ጥሩምባ

ቅዳሜ ጠዋት ዶሮዎቹን ፈታሁ። ከእርባታ ጣቢያ ያወጣናቸው ናቸው፤ ላባቸው ገና አልሞላም። የአጃ ገንፎ በላሁ፣ ፔርሙሱን ሻይ ሞላሁ። ጓደኛዬ ቤሪል አሮጌ መኪናዋን በር ላይ አቁማ ክላክስ አስጮኸች።

«ዊኒ፣ ዛሬም ያን የሌባ ኮፍያ?»

«ብርድ ነው። አንቺስ ማን ሊያጭሽ ነው እንዲህ የተቀባባሽው?»

«ከቀበሮ አዳኞቹ አንዱ አይጠፋም፤ ፈረስ አላቸው እኮ።»

እንደ ሌላው ቅዳሜ ሁሉ ከቡድናችን ጋር አደኑን ልናከሽፍ እየሳቅን ሄድን።

የቀበሮ አዳኞች ውሾቻቸውን የሚጠሩት በአጭር የመዳብ ጥሩምባ ነው። ባለቤቴ ሊዮናርድ ድምፁን አጥንቶ ነበር። ውሾቹ ቀበሮዋን ሊደርሱባት ሲሉ ከሌላ አቅጣጫ ይነፋል፤ እነሱም ጌታቸው የጠራቸው መስሏቸው ትተዋት ይመጣሉ። እኔንም አስተማረኝ፤ ማእድ ቤት ውስጥ፣ ጎረቤት እስኪማረር። አንድ ነገር ብቻ አጥብቆ ይነግረኝ ነበር፦ በአንቺና በውሾቹ መካከል ምን እንዳለ ሳታውቂ አትንፊ። እሱ ካረፈ ወዲህ የምነፋው እኔ ነኝ።

ቤሪል ከመንገዱ በላይ ያለው ኮረብታ ላይ አቆመችኝ። ውሾቹ ከማዶ፣ ጫካው ጥግ ይጮኻሉ።

«መንገዱስ?» አልኳት።

«የቡድኑ ልጆች ከላይም ከታችም ዘግተውታል። ንፊ እንጂ፣ አለቀላት እኮ።»

ነፋሁ። ውሾቹ ዞሩ። ጅራታቸውን እየቆሉ፣ ደስ ብሏቸው ቁልቁል መጡ። አንድ የወተት ቦቴ በመታጠፊያው ብቅ ሲል የፊተኞቹ አስፋልቱ ላይ ነበሩ።

ወደ መንገዱ ወረድኩ። ሁለቱ ወዲያው ሞቱ። ሦስተኛዋን ውሾቹን የሚመራው ሰው ከፈረሱ ወርዶ ጭኑ ላይ አስተኛት። «ዴንቲ፣ አይዞሽ፣ ዴንቲ» ይላል። ሁልጊዜ «አሮጊት ጠንቋይ» እያለ የሚሰድበኝ ሰው ነው። ያን ቀን ቀና ብሎም አላየኝ።

መንገዱን የዘጋ ሰው አልነበረም። ቤሪል ከኮረብታው ወርዳ መንገዱ ዳር ካለው የድንጋይ አጥር ኋላ ነበረች። ካሜራዋ በማቆሚያው ላይ ተተክሎ ወደ መታጠፊያው ዞሯል።

መኪና ውስጥ ስንገባ፣ «ታውቂ ነበር» አልኳት።

«አውቅ ነበር።» ሞተሩን አላስነሳችም። «ይህ ፊልም በዜና ይታያል። ውሾቻቸውን መቆጣጠር አቃታቸው ይባላል፤ አደኑ ይቆማል። ስንት ቀበሮ እንደሚተርፍ አስቢው። ውሻ ሲያረጅባቸው እነሱው አይደሉም ወይ በጥይት የሚገድሉት?»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ትነፊ ነበር?»

የመኪናውን በር እጀታ ያዝኩ።

«ሊዮናርድ ቢኖር ይገባው ነበር» አለች።

«ስሙን አትጥሪ።»

ሊዮናርድ በተቀበረ ሰሞን ቤቴ አድራ ሾርባ በማንኪያ ያጎረሰችኝ እሷ ናት። ከዚያ ወዲህ የነገረችኝን ነገር ዞሬ አጣርቼ አላውቅም። ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ቦታውንም የመረጠችው ይህን ይዛ ነው። ስለ ቀበሮዎቹ ያለችውን ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ልክ አይደለም ብዬ ልምልበት አልችልም። ግን አንድ ቀን የእኔንም ሕይወት እንዲሁ ልትደምርና ልትቀንስ እንደምትችል ገባኝ።

ከመኪናው ወርጄ በእግሬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ፊልሙ ታየ። ሕዝቡ ተቆጣ፤ ወጣቶች ወደ ቡድኑ ጎረፉ። አደኑ ግን አልቆመም። ቤሪል ሁለት ጊዜ በሬን አንኳኳች፤ አልከፈትኩም። አሁን የቡድኑ ሰዎች በየቅዳሜው በሁለት ትልልቅ መኪና ይወጣሉ ይባላል። ጥሩምባ ነፍቶ ውሾቹን ከቀበሮዋ ላይ የሚመልስ ሰው ግን የላቸውም።