ከአባባ ጋር የተቀረጸው መዝሙር

ዘፋኟ ብሔራዊ መዝሙሩን ለመቅረጽ የተነሣችው ለሕፃናት ሆስፒታል ገንዘብ ለማሰባሰብ ነው። አዳራሽ ሙሉ ሰው የምታስጨፍር፣ ስሟ የገነነ ሴት ናት። ጡረታ የወጡት ወታደር አባቷም "እኔም ልስማ" ብለው ሙሉ ልብሳቸውን ግጥም አድርገው ስቱዲዮ ድረስ ተከተሏት።

ድምፅ ቀራጩ ሙዚቃውን ሲለቀው አባቷ ከሶፋው ብድግ አሉ። እጃቸውን ከጎናቸው አጣብቀው፣ ደረታቸውን ነፍተው ቆሙ። እሷ ከመስታወቱ ወዲያ ሆና እንደ ልማዷ ድምፅዋን ታጥፈው፣ ታርገበግበው ጀመር። አልጥም አላትና "እንደገና" አለች። አባቷ ተቀመጡ፤ ሙዚቃው ሲጀምር ተነሡ። አሁንም እንደገና። ተቀመጡ፤ ተነሡ።

"አባባ፣ ይቀመጡ እንጂ፤ ሙከራ እኮ ነው" አለቻቸው።

"ሙከራ ይሁን አይሁን እኔ በምን አውቃለሁ? መዝሙር መዝሙር ነው።"

ወደ ምሳ ሰዓት ገደማ ጉልበታቸው መንቀጥቀጥ ያዘ። ድምፅ ቀራጩ አንጀቱን በሉትና "ውጭ ወጥተው ነፋስ ቢቀበሉስ?" ቢላቸው፣ "እዚያም ይሰማኛል፤ መቆሜ አይቀርም" አሉት።

ዘፋኟ ማዳመጫዋን አውልቃ መጣችና አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። "እውነቱን ይንገሩኝ፤ ምኑ ነው ያልሆነልኝ?"

ጉልበታቸውን እያሹ ትንሽ አሰቡ። "ድምፅሽማ ማር ነው። ግን ያኮረፈ ፍቅረኛ የምታባብዪ ትመስያለሽ። እኛ ስንዘምረው ትከሻ ለትከሻ ገጥመን ነበር፤ ማንም ከጓደኛው በልጦ ልሰማ አይልም።"

እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ እጃቸውን ይዛ ወደ ማይክሮፎኑ ወሰደቻቸው። ትከሻ ለትከሻ ቆመው ዘመሩት፤ እሷ ያለ አንዳች ጌጥ፣ እሳቸው በሻከረ ድምፅ፣ ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ትንሽ እየሳቱ።

"የአባባን ድምፅ ቀነስ ላድርገው?" አለ ድምፅ ቀራጩ።

"ከነካኸው ተጣላን" አለችው።

መዝሙሩ በሬዲዮ በተለቀቀ ሰሞን አድማጩ ሁሉ እሷን ትቶ "ሽማግሌው ማን ናቸው?" እያለ ይደውል ነበር። እርዳታውም ከታሰበው በላይ ጎረፈ፤ ሆስፒታሉ አዲስ ክፍል ከፈተ። አባትና ልጅ ለምረቃው ሲሄዱ፣ ክንዷ በፋሻ የተጠቀለለ አንዲት ሕፃን ሽማግሌውን ቀና ብላ አየቻቸው።

"ዘፋኙ አንተ ነህ?"

ጉሮሯቸውን ጠረግ ጠረግ አደረጉ። "አዎ ልጄ። ይቺ አጃቢዬ ናት።"

ዘፋኟ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት፣ ነርሷ ሕፃናት ተኝተዋል ብላ ከክፍሉ አስወጣቻት።